ከሳቁ በፊት አንድ ቃል

ልጆቼ፣ ሰው ከሰው ጋር ጨዋታ የሚጀምረው መንገድ ሲዘጋበት ነው። መኪናው እየሮጠ ሁሉም በየሐሳቡ ይጓዛል፤ ሲቆም ግን ጎረቤት ይሆናል። ይህን የምነግራችሁን ክርክር የሰማሁትም ሚሌኒየሙ ሊገባ ዓመት ግድም ሲቀረው፣ ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ ስወርድ፣ ሐረጎ ተራራ ላይ ጉም መኪናችንን ባቆመ ጊዜ ነው። ሹፌሩ "ገደሉን ካላየሁ አልነዳም፤ የቸኮለ በእግሩ ይውረድ" ብሎ ሞተሩን አጠፋ።

ከጎኔ አቶ አራጋው ነበር። ኮምቦልቻ ውስጥ ቪዲዮ ቤት አለው፤ እሑድ እሑድ የፋብሪካው ሠራተኛ አግዳሚ ላይ ተጣቦ የሚስቀው እሱ ቤት ነው። ከፊታችን ነፃነት የምትባል ወጣት ነርስ፣ ከኋላችን ደግሞ ወይዘሮ ዙበይዳ፣ ከገበያ የገዙትን የሸክላ ድስት እንደ ሕፃን ታቅፈው ተቀምጠዋል።

አራጋው ከኪሱ አንድ ሲዲ አውጥቶ በኩራት አሳየኝ።

"አያ ብሩ፣ ያን የሠርግ ቤት ቀልድ ያስታውሱታል? ካሴቱ አርጅቶ ምስሉ እንደ ወባ በሽተኛ ይንቀጠቀጥ ነበር። ደሴ ቧንቧ ውሃ ሰፈር ያለ አንድ ልጅ ወደ ሲዲ ገለበጠልኝ። እሑድ ጥርት አድርጌ አሳያለሁ።"

እንዴት አላስታውሰው! በድሮው ጊዜ በቴሌቪዥን ለበዓል የቀረበ ቀልድ ነው። አንድ የሰከረ ሽማግሌ ቤት ተሳስቶ ይገባና የማያውቃቸውን ሙሽሮች ሲመርቅ ያመሻል። በኋላ ደግሞ አንዲት ሸክላ ሠሪ ጋን ልትሸጥ ብቅ ትላለች። ደጋሹ "ቡዳ መጣች!" ብሎ ምግቡን በነጠላው ሊሸፍን ሲሮጥ፣ ተደናቅፎ በደረቱ ወጡ ላይ ይዘረጋል። እዚህ ላይ ቤቱ በሳቅ ይናጋል።

ነፃነት ዞር አለች። "ጋሽ አራጋው፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ እኔ አሁን የምመጣው ከኩታበር ነው። የኔነሽን ልመልሳት ሄጄ ባዶ እጄን ተመለስኩ።"

"የትኛዋ የኔነሽ?"

"ፋብሪካ የምትሠራው፣ ከእኔ ጋር ቤት የተከራየችው። እናቷ ሸክላ ሠሪ ናቸው። ለፋሲካ ያን ቀልድ ካሳዩ ወዲህ፣ ምሳ ሰዓት ላይ እሷ ስትገባ አብረዋት የሚሠሩት ልጆች ሸሚዛቸውን እያወለቁ ምሳ ዕቃቸውን ይሸፍናሉ። 'ለቀልድ ነው' ይላሉ። መጀመሪያ አብራቸው ሳቀች። እየቆየ ምሳዋን ከግንቡ ጀርባ ቆማ መብላት ጀመረች። አሁን ደግሞ ፈቃድ ወስዳ እናቷ ቤት ቀርታለች። ሰኞ ካልገባች ከሥራ ትሰናበታለች፤ 'ያን ነገር ደግመው የሚያሳዩ ከሆነ አልመጣም' ብላኛለች።"

የአራጋው ፊት ጠቆረ። "እና ጥፋቱ የእኔ ነው? ሸሚዝ አውልቁ ብዬ አዘዝኩ? ልጆቹን ምከሪያቸው እንጂ!"

"መከርኳቸው። 'ጋሽ አራጋው ቤት ሁሉም የሚስቅበትን እኛ ብንስቅበት ምን አለበት?' አሉኝ።"

"ስሚ ልጄ" አለ አራጋው፣ ሲዲውን በመሀረቡ እየጠቀለለ። "ያኔ ይህን ቀልድ አገር ሁሉ ነው የሳቀበት። ማንም አልተቀየመም። ዛሬ ግን ሁሉም ቆዳው ስስ ሆነ። ስለ ሰካራም ብትቀልጅ ሰካራም ይከስሻል፣ ስለ አማት ብትቀልጅ አማት ታኮርፋለች። እንዲህ ከሆነማ ሳቅን ለሙዚየም እናስረክብ!"

ከኋላ የነበሩት ተሳፋሪዎች ሳቁ። እውነቱን ልንገራችሁ ልጆቼ፣ ንግግሩ ቀላል አልነበረም፤ ሳቅ የሌለበት አገር ጨው የሌለበት ወጥ ነው። ነፃነት ግን አልተበሳጨችም።

"ማንም አልተቀየመም ያሉት እውነት ነው?" አለች ቀስ ብላ። "ወይስ የተቀየመው ሰው ቴሌቪዥን ካለበት ቤት ደጅ ላይ ነበር የቆመው? ለነገሩ ሰካራሙ ሲነቃ ሰካራም አይደለም፣ አማቷም አብራ ትስቃለች። የኔነሽ ግን ከሳቁ በኋላ ያው የሸክላ ሠሪ ልጅ ናት፤ የሚቀርባት የለም።"

"ታዲያ ምን አድርግ ነው የምትይኝ? ላቃጥለው?"

"ኧረ በፍጹም!"

"ያን ቦታ ቆርጬ ላውጣው?"

"እሱም አይሆንም። ከተቆረጠ ልጆቻችን ድሮ በምን እንስቅ እንደነበር አያውቁም፤ እኛም እንረሳዋለን። እኔ የምለው፣ ከመጀመሩ በፊት አንድ ቃል ይናገሩ ነው።"

"በቀልድ ላይ ማስጠንቀቂያ? ልሳቅ ብሎ ከፍሎ የገባን ሰው 'ተጠንቀቅ' ብዬው ማን ይስቅልኛል? ሁሉም ተነሥቶ ወደ ታችኛው ቪዲዮ ቤት ነው የሚሄደው።"

ነፃነት ፈገግ አለች። "ጋሽ አራጋው፣ የጦርነት ፊልም ሲያሳዩ በመሃል ተነሥተው ምንድን ነው የሚሉት?"

አራጋው ሲዲውን ወደ ኪሱ መለሰው። እኔ ግን አውቀዋለሁና መለስኩላት። "'ልጅ የያዛችሁ እናቶች፣ አሁን ደም ይመጣል፣ ዓይን ሸፍኑ!' ይላል።"

"ታዲያ ሰው ጥሎዎት ወጣ?"

"የለም" አለ አራጋው፤ "እንዲያውም እናቶቹ ይመርቁኛል።"

"ለልጅ ዓይን ያስጠነቀቁ፣ ለሰው ልብ ቢያስጠነቅቁ ምን ይከብድዎታል?"

ይኼኔ ወይዘሮ ዙበይዳ ድስታቸውን ከፍ አድርገው አሳዩ። "ወላሂ፣ እኔ አንድ ነገር አይገባኝም። ይህን ድስት እንደ ልጄ አቅፌ እወስደዋለሁ፤ ወጥ እሠራበታለሁ፣ አጥቤ ከፍ አድርጌ አስቀምጠዋለሁ። የሠራችው ሴት ብትመጣ ግን እዚሁ ድስት ውስጥ ያለውን ወጥ እሸፍንባታለሁ? ይኼ ምን የሚሉት ሒሳብ ነው ጋሼ?"

አራጋው ወደ ድስቱ አየ፣ ወደ ውጭም አየ፤ ውጭ ግን ከጉም በቀር ምንም የለም። ለራሱ እንደሚናገር ሆኖ፣ "የእኛም ቤት የሽሮ ድስት የኩታበር ነው" አለ። ከዚያም ወደ ነፃነት ዞሮ፣ "ሲሸፍኑባት እኔ ብኖር አልፈቅድም ነበር።"

"አውቃለሁ" አለች ነፃነት። "ለዚህ ነው ለእርስዎ የነገርኩዎት።"

"እሺ፣ ምን ልበል? ንግግር አላውቅም።"

"እስቲ እዚሁ ይሞክሩት፤ እኛ ተመልካች እንሁን።"

አራጋው ጉሮሮውን ጠረገ። "ክቡራን ተመልካቾች! ይህ ቀልድ የእኛዋን የኔነሽን ወገኖች ስለሚነካ፣ በእሷ እንዳትስቁ!"

ነፃነት ራሷን ያዘች። "ኧረ ጋሽ አራጋው! ስሟን ከጠሩማ በጣት እንዲያሳዩዋት መንገድ መሯቸው ማለት ነው!"

"እሺ፣ እሺ። ክቡራን ተመልካቾች! ይህ ቀልድ ነውረኛ ነው፤ የምትስቁበት ሁሉ ባለጌ ናችሁ!"

"ያ አላህ!" አሉ ዙበይዳ። "ለመሰደብ ነው እንዴ ብር የምንከፍለው?"

መኪናው በሳቅ ተሞላ፤ ሹፌሩ መሪው ላይ ተደፋ። አራጋውም ሳቀ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ለእንግዳ እንደሚናገር ሰው እንዲህ አለ፦

"ወገኖቼ፣ ይህ ቀልድ ድሮ የተሠራ ነው። ያን ጊዜ በሸክላ ሠሪ መሳቅ ነውር አይመስለንም ነበር። ነውር ነው። ሸክላ ሠሪ ሰው አትበላም፤ ሰው የሚበላበትን ትሠራለች። ቀልዱን እንዳለ አሳያችኋለሁ፤ ይህን ግን አውቃችሁ እዩት።"

ነፃነት መስኮቱን በእጇ ጠረገችና ፊቷን ወደዚያ አዞረች። ዙበይዳም "አብሽሩ፣ ይኼ ይበቃል" አሉ።

እሑድ እኔም ሄድኩ። አራጋው ቴሌቪዥኑ ፊት ቆሞ ያንኑ ተናገረ። ተነሥቶ የወጣ ሰው አልነበረም። ሰካራሙ ሽማግሌ ሲመርቅ ቤቱ እንደ ወትሮው ተንጫጫ። ሸክላ ሠሪዋ ስትገባ ግን ጥቂቶች ሳቁ፣ ጥቂቶች አንገታቸውን ደፉ፤ አንድ ወጣት "እኛም እንዲህ አድርገናል እኮ" ሲል ሰማሁት። ነፃነት በማታው አራጋው የተናገረውንና ወጣቱ ያለውን የሚነግራት ሰው ወደ ኩታበር ላከች። የኔነሽም ሰኞ ሥራ ገባች።

ሁሉም በአንድ ቀን ተለወጠ ብዬ አልዋሻችሁም። አንድ ሁለቱ እስከ መስከረም ድረስ ሲያጉረመርሙ ከርመዋል። ሸሚዝ የሚያወልቅ ግን አልተገኘም፤ የሚስቅለት ስላጣ።

ልጆቼ፣ የድሮ ሰዎች ክፉዎች ነበሩ አትበሉ። ያዩትን ሠሩ፣ ከጊዜያቸው ጋር ሳቁ። እኛ ደግሞ የበለጠ ማየት ከቻልን፣ ያየነውን ለሚቀጥለው መንገር ዕዳችን ነው። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይባላል፤ ከሳቁ በፊት የሚነገር አንድ ቃል የወጋውን ያስታውሰዋል፣ የተወጋውም ብቻውን እንዳልሆነ ያሳውቀዋል። ቀልዱ አይጠፋም፣ ባለ ቪዲዮ ቤቱ አይከስርም፣ ሠራተኛዋም እንጀራዋን አታጣም። ከዚህ የሚበልጥ ምን ትርፍ አለ?

አራጋው የፈራው ሳቁ እንዳይቀንስበት ነበር። ክረምቱ ሲወጣ፣ ሰዉ ስለጠየቀው፣ ቃሉን ተናግሮ ያንኑ ቀልድ ደግሞ አሳየ። የኔነሽ ከነፃነት ጋር ከፍላ ገባች፤ ፊት ለፊት አግዳሚ ላይ ተቀመጠች። ያ ቦታ ሲደርስ ምን እንዳሰበች አላውቅም፤ ዓይኗን ግን ከቴሌቪዥኑ አላነሣችም። በመጨረሻ ሰካራሙ ሽማግሌ እንደገና ብቅ ብሎ "ውለዱ፣ ክበዱ!" ማለት ሲጀምር ግን እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። በዚያ ቤት የሚስቀው ሰው በአንድ ጨመረ እንጂ አልቀነሰም።