ቀላል ሂስ

የጽሕፈት ቤቱ መኪና ጋራዥ ባትገባ ኖሮ የወረዳው አመራር ይኸነው ሚኒባስ ላይ ባልተገኘ ነበር። ዘመኑ 2006 ዓ.ም. ነው፤ የግምገማ ሰሞን። እንጅባራ መናኸሪያ ጋቢና ተቀምጦ ወደ ዳንግላ የምትሄደው መኪና እስክትሞላ ይጠብቃል። ዛሬ ዳንግላ ላይ ተገምግሞ ወይ ወደ ዞን ያድጋል፣ ወይ የያዘውንም ወንበር ያጣል። የሥራ ባልደረባው ፀጋው ደብተሩን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ከጎኑ ተቀምጧል።

ከጀርባው የሚያውቀው ድምፅ መጣ። ውብአየሁ ናት፤ የአበረ ሚስት። አበረ አምና ከኃላፊነቱ ወርዶ አዘና ከተማ ላይ ተራ ባለሙያ የሆነው በማን ምስክርነት እንደሆነ መኪናዋ ውስጥ የማያውቅ አልነበረም። ይኸነው ያልሰማ መስሎ ወደ መስኮቱ ዞረ። ውብአየሁ ከጎኗ ለተቀመጠችው ለምህረቴ ታወራለች።

«ምህረቴ፣ የጥሊሊ ድንች ዘንድሮ እንዴት ዋለ? እኛማ ጆንያ የሚያነሳ ወንድ ከቤት ስለሌለ ዋጋ መጠየቁንም ትተነዋል። ይሁን... አዘናም አየሩ ጥሩ ነው ይላሉ።

«ለመሆኑ ያን ድራማ ታይዋለሽ? የሁለቱን የፓርቲ ጓደኛሞች? ሰው ሁሉ ያን ጭምቱን ሰውዬ ይረግመዋል። እኔ ግን ወደድሁት። ምን አጠፋ? ድምፁ አይጎላ፣ ክፉ አይወጣው። ጓደኛው ቤት ሲመጣ ጫማውን በር ላይ አራግፎ ነው የሚገባ። የልጆቹን ስም አንድ ባንድ ይጠራል። ያን ሁሉ ዘመን ካንድ ትሪ ሲበላ አንድ ቀን እንኳ ‹ጨው አነሰው› አላለም። እንዲህ ያለ እንግዳ ዛሬ ከየት ይገኛል?»

ይኸነው ሊያስል ፈለገና ፈራ። ዞር ብሎ አንድ ቃል ቢተነፍስ «ስምህን ማን ጠራው?» ልትለው ነው። መኪናዋ ደግሞ አትሞላ ነገር፣ ሁለት ሰው ቀርቷታል።

«ግምገማው ሲቃረብ ያው እንደ ወጉ ሂሳቸውን ተዋዋሉ። ‹አንተ ስለኔ፣ ሥራ ያበዛል፣ ለጤናው አያስብም በል፤ እኔም ስላንተ፣ እረፍት አይወስድም እላለሁ።› አመራር ሁሉ የሚያደርገው ነው፣ ምን ነውር አለው? ያ ሞኙ ቀድሞ ተነሣና እንደ ውላቸው ‹ጓዴ ለጤናው አያስብም› ብሎ ተቀመጠ። እንባም ተናንቆት ነበር መሰለኝ... ጭምቱ ቀጠለ። ደብተር አወጣ። ምን ያለ ደብተር መሰለሽ! ሁለት ዓመት ሙሉ ከገበታው ላይ የሰማውን ከነቀኑ ጽፎታል። ‹ቅዳሜ፣ ምሳ ላይ፣ የበላይ አካልን አማ።› ትጋት ማለት ይሄ አይደል? እኔ እንኳ የዚያን ቅዳሜ ምን ወጥ እንደሠራሁ ረስቼዋለሁ... ኧረ ሚስትየዋን ማለቴ ነው፣ የድራማዋን።»

ከኋላ አንዱ ሳቁን በነጠላው አፈነ። የይኸነው ጆሮ ጋለ። አፈረ፤ ከልቡ አፈረ። የዚያን ቅዳሜ ወጡ ዶሮ ነበር። ሁለተኛውን እንቁላል እሷ ራሷ በእጇ ነበር ያወጣችለት።

ወዲያው ሌላ ነገር ትዝ አለው። ትናንት ከሰዓት እሱና ፀጋው ሻይ ቤት ተቀምጠው የዛሬውን ሂስ ተዋውለዋል። ፀጋው «ሥራ ያበዛል» ሊለው፣ እሱም «እረፍት አይወስድም» ሊለው። በዚህ ዓመት ስንቴ ፀጋው ቤት ምሳ እንደበላ፣ ስንቴስ ፀጋው እሱ ቤት እንደበላ ሊቆጥር ሞከረ። ምን ምን እንዳወራ ግን አልታወስ አለው።

«አደራ ምህረቴ፣ እንዳትረግሚው። እኔ ያለፈው ክፍል ሲያልቅ ቴሌቪዥኑ ፊት ተነሥቼ መረቅሁት እንጂ። ዕድሜና ጤና ይስጥህ፤ ወንበርህን ያስፋልህ፤ እንደ ራስህ ያለ ጓደኛ፣ ልክ እንደ ራስህ ያለ፣ አንድ ቀን እንኳ ከጎንህ አይለይህ!»

«አሜን!» አለች ምህረቴ። ከኋላም ሦስት አራት ሰው አሜን አለ።

ከሁሉ ጎልቶ የተሰማው ግን የጋቢናው ነበር። ፀጋው «አሜን» ብሎ ደብተሩን ከጉልበቱ አነሣና ጃኬቱ ውስጥ ከተተው።