ድንጋዩን ተዉትና ሰውን አሳዩኝ

በእኛ ጊዜ ልጅ የሚጠይቅ ወገን መጀመሪያ የሚያሳየው ሰውን ነበር። አባቱ ማነው፣ እናቱ ማናት፣ አያቱ ከማን ተጣልቶ ከማን ታረቀ፣ ይሄ ሁሉ ይጠየቃል፣ ይጠናል፣ እና ከዚያ በኋላ ነው ቤቱም መሬቱም የሚታየው። ልክ አይደለም ወንድም ጋሼ ታከለ? አንተ ስታገባ የሚስትህ ወገኖች ቡሬ ድረስ ሰው ልከው ዘራችንን አላስጠኑም? አስጠንተዋል! ታዲያ የዛሬ ልጆች እኔን አየርላንድ ድረስ በአውሮፕላን ወስደው ምን አሳዩኝ? ድንጋይ! ድንጋይ አሳዩኝ እኮ ነው የምላችሁ!

ከድር አትሳቅ። አንተ ጎረቤቴ ነህ፣ እዚህ ጎጃም በረንዳ አንተ ጆንያህን እኔ ማሬን ይዘን ጎን ለጎን ያረጀን ሰዎች ነን። ወንድሜ ደግሞ የቤታችን ታላቅ ነው፣ የልጄ አባት ካረፈ ወዲህ በእሱ ፋንታ ያለው እሱ ነው። ዛሬ ሱቄን ዘግቼ የጠራኋችሁ ላጫውታችሁ ብቻ አይደለም። ልጄ ህሊና እዚያ አየርላንድ ሆና መልስ ትጠብቃለች። ይሄን ፈረንጅ ታግባው ወይስ አታግባው፣ እሺ ልበል ወይስ እምቢ ልበል፣ ይሄን ትነግሩኛላችሁ። ግን መጀመሪያ ንዴቴን ላውጣ፣ አለዚያ እፈነዳለሁ።

ህሊና እዚያ ነርስ ሆና እንደምትሠራ ታውቃላችሁ። ታዲያ አንድ ቀን ደወለችና «እማዬ፣ ብራያን የሚባል ልጅ አለ፣ ጨዋ ልጅ ነው፣ ልንጋባ ነው፣ ነይና እዪ» አለችኝ። ልንጋባ ነው! ሳልጠየቅ፣ ሽማግሌ ሳይላክ! ዋጥኩት። የሰው አገር ነው ብዬ ዋጥኩት። «መጥቼ ምንድን ነው የማየው?» ብላት፣ «ቤት እናሳይሻለን፣ ትልልቅ የድሮ ቤቶች አሉ፣ አገሩን እናዞርሻለን» አለች። እኔ ምን ልረዳ? የልጁን ወገን ቤት ሊያሳዩኝ ነው አልኩ። ማንም እናት እንደዚያ ነው የሚገባት! የሴት ወገን ቀድሞ የወንዱን ደጅ መርገጡ ነውር ነው፣ እሱንም ዋጥኩት። እና ባዶ እጄን አልሄድም ብዬ፣ ለማንም የማልሸጠውን ነጭ ማር በቆርቆሮ አሽጌ ይዤ ሄድኩ።

ደረስኩ፣ አደርኩ፣ በነጋታው መኪና ውስጥ አስገቡኝ። ልጁ ይነዳል። ረጅም ነው፣ ቀይ ነው፣ ጆሮው ትልቅ፣ ዝምተኛ ልጅ። ማሬን ጭኔ ላይ ይዣለሁ። ህሊና «እማዬ፣ ማሩን ለምን ያዝሽው?» ትለኛለች፣ «ዝም በይ፣ የምሠራውን አውቃለሁ» እላታለሁ። እና ሄድን፣ ሄድን፣ ዝናብ፣ ሳር፣ በግ፣ እንደገና ዝናብ፣ ሳር፣ በግ፣ ከዚያ መኪናው ቆመ። «ይኸውልሽ፣ ቤተመንግሥቱ» አለች። ቀና ብዬ ባይ ምን የመሰለ ግንብ፣ ግን ጣራ የለው! መስኮት የለው! ቁራ ነው የሚወጣ የሚገባበት። ክው አልኩ። «የማን ነው?» አልኳት። «የድሮ ባላባቶች ነው፣ ተቃጥሎ ነው እንዲህ የሆነው» አለች። ወይኔ ልጄ፣ ቤት የተቃጠለበት ቤተሰብ ነው የምትገባው አልኩ በሆዴ። «ታዲያ አሁን ሰዎቹ የት ነው የሚያድሩት?» ብላት «የምን ሰዎች?» አለችኝ። አፍራ ነው፣ እየሸሸገችኝ ነው ብዬ ተውኳት። አዘንኩላቸው እኮ! ልጁን ትከሻውን መታ መታ አድርጌ «አይዞህ፣ እግዜር ይተካል» አልኩት። እሱም ፈገግ አለ፣ ምን ገብቶት እንደሆነ እንጃ።

ከድር፦ እትዬ የሺ፣ የተቃጠለ ቤት አሳይቶ ሚስት የሚጠይቅ ወንድ ዛሬ ገና ሰማሁ!

ቆይ፣ ምኑን ሰማኸው! ከዚያ ደግሞ ገደል ሊያሳዩኝ ወሰዱኝ። «እማዬ፣ በጣም ቆንጆ ገደል አለ!» እናንተ፣ ለአማት ገደል ይታያል? አባይ በረሃን በአይሱዙ፣ ማር ጭነት ላይ ተቀምጬ እየወረድኩ ያረጀሁ ሴት ገደል ናፍቆኝ ነው? ከታች ባሕሩ ያጓራል፣ ነፋሱ ነጠላዬን ሊቀማኝ ይታገላል፣ ፈረንጁ ሁሉ ጫፉ ላይ ቆሞ ፎቶ ይነሳል። «ጠጋ በይ እማዬ፣ ላንሳሽ» ትላለች። «አልጠጋም! ፎቶው ለለቅሶ ነው የምትፈልጊው?» አልኳትና ማሬን ይዤ ወደ መኪናው ተመለስኩ።

ይባስ ብለው ቤተክርስቲያን ወሰዱኝ። የድሮ ገዳም ነው አሉ። እሱም ጣራ የለው! ሳሩ መቅደሱ ውስጥ በቅሏል፣ ሰው ከነጫማው፣ አንዳንዱም ከነውሻው ይዞርበታል፣ ግድግዳውን ተደግፎ ሳንድዊች የሚገምጥም በዓይኔ አይቻለሁ። ቢፈርስም ቤተክርስቲያን ቤተክርስቲያን ነው እንጂ! ጫማዬን አውልቄ ግድግዳውን ተሳለምኩ። ሳሩ እርጥብ ነው፣ ብርዱ አጥንት ድረስ ይገባል። ህሊና «እማዬ በናትሽ፣ ሰው እያየን ነው፣ ጫማሽን አድርጊ፣ ይበርድሻል» ትላለች። ዞር ስል ልጁ፣ ብራያን፣ ማንም ሳይነግረው ጫማውን ከነካልሲው አውልቆ አጠገቤ ቆሟል። እግሩ በብርድ ሰማያዊ ሆኗል። ይሄን ለእውነት ስል ነው የምነግራችሁ፣ ንዴቴን አልቀነሰልኝም። እሺ፣ ትንሽ ቀንሶልኛል።

አሁን ነው ዋናው የሚመጣው። ከዚያ የወሰዱኝ ቤት ጣራ አለው! መንገዱ ግራና ቀኝ ዛፍ፣ መስኮቱ ተቆጥሮ አያልቅ፣ አበባው እንደ ምንጣፍ። አሃ፣ ያ ከተቃጠለባቸው ወዲህ እዚህ ነው የሚኖሩት አልኩ። ነጠላዬን አስተካከልኩ። በሩ ላይ አንዲት ሽበታም፣ ደርባባ ሴትዮ ጨሌ አንገቷ ላይ አድርጋ ቆማለች። እናቱ ናት! ሌላ ማን ልትሆን ትችላለች? ጎንበስ ብዬ እጅ ነሣሁ፣ ጉንጯን አገላብጬ ሳምኳት፣ ማሬን በሁለት እጄ ሰጠኋት። ሴትዮዋ ቲማቲም መሰለች። ማሩን ታያለች፣ እኔን ታያለች፣ ህሊናን ታያለች። ከዚያ ምን ብታደርግ ጥሩ ነው? መለሰችልኝ! «ሶሪ፣ ሶሪ» እያለች ማሬን መልሳ እጄ ላይ አስቀመጠችው! ወንድም ጋሼ፣ ስጦታ መመለስ በኛ ምን ማለት ነው? ልጅሽን አልፈልግም ማለት አይደለም? ደሜ ፈላ። «በይ ነይ፣ እንሂድ፣ አዋረዱን!» ብዬ የልጄን ክንድ ያዝኩ።

«እማዬ፣ እናቱ አይደለችም! ትኬት የምትቆርጥ ሴትዮ ናት እኮ!» አለችኝ።

«እናቱስ?»

«እናቱ ሞታለች።»

«ታዲያ ይሄ የማን ቤት ነው?»

«ሰው የሚጎበኘው ነው። እዚህ አገር የድሮ ቤት ተከራይተው ነው የሚደግሱት። የሰርጋችንን ቦታ አንቺ እንድትመርጪልን ብለን ነው ያዞርንሽ። የቅድሙም ግንብ ይቻላል።»

ቁራ የሚገባበት! ልጄን፣ የሰው ፍርስራሽ ተከራይቼ፣ ቁራ በላይዋ እየዞረ ልድራት! ኧረ ጉድ ነው! «የሱ ቤት የታለ?» አልኳት። ልጁ መሬት ያያል፣ ልጄም መሬት ታያለች። «ተናገሪ እንጂ!» ስላት «እማዬ፣ አባቱ ላም አርቢ ነው። ቤታቸው ገጠር ነው፣ ትንሽ ናት፣ ደጁ ጭቃ ነው። ትንቂብኛለሽ ብዬ ፈራሁ» አለችኝ።

እናንተ፣ ከሁሉም ከሁሉም አንጀቴን ያሳረረው ይሄ ነው። እኔ! የገበሬ ልጅ፣ እበት ስዝቅ ያደግኩ፣ እኔ ላም አርቢ እንቃለሁ? እዚህ በረንዳ ላይ ከተሸካሚውም ከባለጋሪውም ጋር እያበላሁ ነው ያሳደግኳት፣ ንቀት ማን አስተማራት? የሰው ግንብ ታሳየኛለች፣ የሰው አባት ትደብቀኛለች! «ስሚ» አልኳት እዚያው በር ላይ፣ ትኬት ቆራጯ እያየችን፣ «አባት ያለውን ልጅ አባት እንደሌለው አድርገሽ አመጣሽልኝ። ሰውየውንም እኔንም አዋረድሽን። እሱስ ቢሆን አባትህን ደብቅ ሲሉት እሺ ካለ፣ ነገ አንቺን አይደብቅም? ተርጉሚለት!» እምቢ አለች። «ተርጉሚ ብያለሁ!» ተረጎመች። ልጁ እስከ ጆሮው ቀላ። «እንግዲህ አባትየው ወግ ባለው መንገድ ሽማግሌ ይዞ ይምጣ፣ አለዚያ አገሬ ገባሁ» አልኩና ማሬን ይዤ መኪና ውስጥ ገባሁ።

ጋሼ ታከለ፦ ደግ አደረግሽ። መጡ ታዲያ?

መጡ! እሁድ ዕለት ህሊና ቤት በሩ ተንኳኳ። አባትየው፣ አቶ ፓት ነው የሚሉት፣ እኩያችን ይሆናል፣ ጎረቤቱንና የሰፈሩን ቄስ ይዞ። ልጁ ወጉን አስጠንቶታል። ኮቱ ጠቦታል፣ ጫማው ተወልውሎ ተረከዙ ላይ ጭቃው ቀርቷል፣ እጁ ግን፣ ወንድም ጋሼ፣ እጁ የአባታችን እጅ ነው፣ እንደዚያው የተሰነጣጠቀ። ህሊና «ተቀመጡ» ብትላቸው እምቢ! ቄሱ ጉልበታቸውን ያማቸዋል መሰለኝ፣ ሶፋውን አየት አየት ሲያደርጉ አባትየው በክርኑ ጎሸም አደረጋቸውና ቀጥ አሉ። በኛ ወግ ሽማግሌ የልጅቷ ትልቅ ሰው እሺ ብሎ ተቀመጡ ካላለው አይቀመጥም፣ ይሄንን ነግሮታል ልጁ።

እና አባትየው ቆቡን በሁለት እጁ ይዞ ተናገረ፣ ህሊና ተረጎመች። «ግንብ የለኝም» አለ። «ላሞች አሉኝ፣ አንዲት ትንሽ ቤት አለችኝ። ሚስቴ ከሞተች ወዲህ በዚያ ቤት የሚናገረው ሬዲዮ ብቻ ነበር። ልጅዎ መምጣት ከጀመረች በኋላ ሰው መሳቅ ጀመረ። ልጅዎን ለልጄ ይስጡኝ፣ እኔም አባት እሆናታለሁ።» ህሊና እዚህ ላይ ስትደርስ አለቀሰች። እኔም አለቀስኩ፣ ምን እደብቃችኋለሁ።

ከድር፦ አልሐምዱሊላህ! እሺ አልሻቸዋ?

እንዴት ብዬ? ዘመድ የለኝም? በመጀመሪያው ቀን እሺ የሚባለው የት አገር ነው? ልጃቸውን ሊገላገሉ የቸኮሉ ናቸው ይበሉን? «ሰምቻለሁ፣ ታላቅ ወንድም አለኝ፣ አማክሬ እመልሳለሁ» አልኩ። ማሩንም አልሰጠሁትም፣ ከሰጠሁት እሺ ማለት ነው ብዬ እንደታሸገ ህሊና ጋ ትቼው መጣሁ። ሰውየው «እጠብቃለሁ» አለና፣ ላሞቹ የሚታለቡበት ሰዓት ደርሶበት እንደቆመ ወጣ። ህሊናም ክፍሏን ዘግታ ተንሰቀሰቀች።

ታዲያ ይኸው ከመጣሁ ጀምሮ በየቀኑ ትደውላለች፣ «እማዬ፣ አጎቴን ጠየቅሽው?» ትለኛለች። እኔ እንደሆነ ንዴቴ አልበረደም። ሽማግሌውስ መጣ፣ ግን በስንት ግንብ ካዞሩኝ በኋላ ነው! እምቢ እንዳልል የልጄ ልብ እዚያ ነው። እሺ እንዳልል ወግ ረግጠው በዋዛ ለቀቀቻቸው ሊባል ነው። በል ወንድም ጋሼ፣ አንተ ታላቅ ነህ፣ ምን ልበላት?

ጋሼ ታከለ፦ ቆይ የሺ። ሰውየው ቆሞ ነው የጠየቀሽ?

የሺእመቤት፦ ቆሞ ነዋ!

ጋሼ ታከለ፦ ሳይቀመጥ ነው የወጣው?

የሺእመቤት፦ ሳይቀመጥ አልኩህ እኮ።

ጋሼ ታከለ፦ አንቺ እዚህ በድንጋይ ስትናደጂ፣ ያ ሚስቱን የቀበረ ሰውዬ እስከ ዛሬ ቆሟል እኮ! በይ ስልኩን አንሺና ለህሊና ደውዪላት። አጎትሽ «አቶ ፓት ይቀመጡ» ብሏል በያት።