የግራቦቫው ሰውና ባዶው ቀፎ

እዚህ ቡራዩ ቤተ ክርስቲያን ደጅ የተሰበሰባችሁ ሁሉ፣ ሣጥኑ አፈር ሳይለብስ፣ ሙሴ ኢቮ ስንላቸው የኖርነው፣ በክርስትና ስማቸው ወልደ ማርያም የተባሉት ጎረቤታችን ከየት መጥተው እንዴት እንደኖሩ ስሙልኝ።

ሙሴ ኢቮ በ1900 ዓ.ም. ከባሕር ማዶ፣ በክሮኤሽያ ምድር ግራቦቫ በምትባል ትንሽ የድንጋይ መንደር፣ ከአናቢ ቤተሰብ ተወለዱ። ልጅ ሳሉ ጣሊያን አገራቸውን ይዞ የመንደሪቱን ስም በራሱ ቋንቋ ለውጦ ስለነበር፣ በትምህርት ቤት «ግራቦቫ» ያለ ልጅ መዳፉን ይገረፍ ነበር። ጎልምሰው ሳሉም ያው ጣሊያን ወታደር አድርጎ ወደኛ አገር ላካቸው፤ እሳቸው ግን ከጦር ሰፈሩ ጠፍተው ገፈርሳ አጠገብ በገበሬ ጎተራ ተሸሽገው ከረሙ፤ ከነጻነትም በኋላ አናጺ ሆነው እዚሁ ቀሩ።

ወይዘሮ ድንቅቱን ለጋብቻ ሲጠይቁ፣ አባታቸው ኦቦ ገርባ «ለጣሊያን ልጅ አልሰጥም!» ብለው በራቸውን ጠረቀሙ። ሙሴ ኢቮ ደጅ ቆመው «ጣሊያን እኮ የመንደሬን ስም የቀማኝ ነው፤ እኔ የግራቦቫ ሰው ነኝ» ቢሏቸው፣ ኦቦ ገርባ በሩን መልሰው ከፈቱና «ስም መቀማትንስ እኛም እናውቀዋለን፤ ግባ በል» አሉ። በ1938 ተጋብተው ተረፈችን ወለዱ፤ ተረፈች የተባለችውም ግራቦቫ በጦርነቱ ከነሰዎቿ መቃጠሏ በዚያው ሰሞን ስለተሰማ ነው። ከዚያ ወዲህ በጓሯቸው ቀፎ ደረደሩ፤ የጋሪ ነጂው ሳይቀር ሰፈራችንን «ግራቦቫ! ግራቦቫ!» እያለ ሰው ይጭን ጀመር።

የግራቦቫ ሥርዓት ደግሞ፣ የቤቱ ሰው ሲሞት ቀፎውን በቤቱ ቁልፍ አንኳኩቶ ንቦቹን ማርዳት ነው። ወይዘሮ ድንቅቱ በ1957 ያረፉ ጊዜ፣ ሙሴ ኢቮ ከቀፎ ቀፎ እየዞሩ ሲያንኳኩ ሰፈሩ በነጠላው ጫፍ አፉን ይዞ ሳቀ። በልቅሶው ግርግር ግን ከአጥሩ ሥር ያለውን አንዱን ዘንግተውት ኖሮ፣ ተዝካሩ ሳይደርስ ያ ቀፎ ማሩ እንዳለ፣ አንዲት ንብ በሕይወትም ሞታም ሳትገኝበት ባዶውን ቀረ። ከዚያ ወዲያ የሳቀ የለም።

ዘንድሮ የደረት ሕመም ጠንቶባቸው፣ ተረፈች ሰበታ ባሏ ቤት ናትና፣ እኔን ስንዱን አስጠርተው ቁልፉን መዳፌ ላይ አኖሩና «ስንዱዬ፣ ንቦቹን የሚያረዳ ከጠፋ ግራቦቫም አብራኝ ሞተች፤ አደራ» አሉኝ።

ትናንት ነፍሳቸው እንደወጣች፣ ገና ጩኸት ሳይነሣ ጓሮ ወርጄ «የግራቦቫው ሰው አረፉ፤ ከእንግዲህ የተረፈች ናችሁ» እያልኩ አንኳኳሁ። እያንዳንዱ ቀፎ አንዴ ጥዝዝ ብሎ ዝም አለ። ባዶውን አልፌ ልመለስ ስል ግን ከኋላዬ ያ ቀፎ ጥዝዝ አለ። ሊያስታምም መጥቶ የነበረው የተረፈች ባል ካሳሁን ደርሶ ክዳኑን ቢያነሣው ከሸረሪት ድር በቀር ምንም የለበትም፤ ድምፁ ግን አልቆመም። የሙሴ ኢቮን መርዶ ነገርኩት፤ አልበቃውም። ጨንቆኝ፣ «ወይዘሮ ድንቅቱም አርፈዋል፤ ሳይነግሩህ ቀርተው ነው» ብዬ ብነግረው፣ ያኔ ዝም አለ።

ሙሴ ኢቮ ልጃቸውን ተረፈችን፣ አማቻቸውን ካሳሁንን፣ የልጅ ልጃቸውን ማሪቱን፣ የግራቦቫ ሰው የምንባለውንም እኛን ትተው በስልሳ አምስት ዓመታቸው ሄደዋል። ያን ቀፎ ለማገዶ የተመኘ ካለ ካሁኑ ይተወው። ቁልፉን ለተረፈች ሰጥቻታለሁ፤ የእኔም ቀን ሲደርስ ያን ቀፎ ማርዳቱን እንዳትዘነጋ።

እግዚአብሔር የአባታችንን የወልደ ማርያምን ነፍስ ስሙ በማይቀማ አገር ያኑርልን። አሜን።