የጋሽ ጡሩምባ የቀሩት ጥርሶች

ጉንፋን ይዞኝ ሽሮፕ ልገዛ ወደ ሰፈራችን ፋርማሲ ጎራ ባልኩበት ቀን ጋሽ ጡሩምባን እዚያው አገኘኋቸው። ጉንጫቸውን በመዳፋቸው ይዘው ባንኮኒውን ተደግፈዋል። ጋሽ ጡሩምባ በማዘጋጃ ቤቱ የሙዚቃ ጓድ ውስጥ ትራምፔት ሲነፉ ኖረው ጡረታ የወጡ፣ ከእኔ በላይ ያለው ፎቅ ላይ የሚኖሩ ሰው ናቸው። ስሙንም ያወጣላቸው ሥራቸው ነው። ሁለቱ የላይኛው የፊት ጥርሶቻቸው ከወለቁ ወዲህ ግን መሣሪያው ከሳጥኑ ወጥቶ አያውቅም።

«መምህር፣ እንኳን መጡ፤ ይፍረዱኝ» አሉኝ። «የቅርንፉድ ዘይት ስጪኝ ብላት፣ ይህች ልጅ አፍዎን ይክፈቱልኝ ትለኛለች።»

ፋርማሲስቷ ፈገግ አለች። ትምህርቷን ጨርሳ ሥራ ከያዘች ብዙም አልቆየችም፤ ትልቅ ሰው ስታናግር ድምፅዋን ዝቅ ታደርጋለች።

«ጋሼ፣ ዘይቱ ለዛሬ ያስታግስልዎታል። ነገ ሕመሙ መመለሱ አይቀርም ብዬ እኮ ነው።»

«ለነገው አታስቢ። ሰኞ ሐኪሙ ጋ ሄጄ የቀሩትን በሙሉ አስነቅዬ እገላገላለሁ።»

«ደህናዎቹንም ጭምር?» አልኳቸው።

«ደህና የሚባል የለም፣ መምህር። ጥርስ ዕድሜ አለው፤ ቀኑ ሲደርስ ይሄዳል። አባቴም እንዲሁ ሆነው ነው ያለፉት። እኔ ደግሞ ሰነፍኩ እንዳይሉኝ፣ ጠዋት ጠዋት በከሰልና በጨው እፈትገዋለሁ። ምን ፈየደልኝ?»

«ፍትጊያው ራሱ ጎድቶዎት እንዳይሆን» አለች ልጅቷ። «ከሰልና ጨው የጥርስን ሽፋን ይሞርዳሉ።»

እያጉረመረሙም ቢሆን አፋቸውን ከፈቱላት። በስልኳ መብራት አየችና፣ «እኔ የጥርስ ሐኪም አይደለሁም። ሲታይ ግን የሚያምዎት ይሄ የኋለኛው ነው። የጎኖቹ ጠንካራ ይመስላሉ፤ ድዱ አጠገብ ብቻ ኖራ የመሰለ ነጭ ምልክት አለባቸው። ገና አልተቦረቦሩም» አለቻቸው።

«ነጩስ ከምን መጣ?»

«የጥርስ ሽፋን በአብዛኛው ሃይድሮክሲአፓታይት ከሚባል ማዕድን የተሠራ ነው። ጣፋጭ ስንበላ አፋችን ውስጥ ያሉ ባክቴሪያዎች ስኳሩን ወደ አሲድ ይለውጡታል፤ አሲዱም ማዕድኑን እያሟሟ ይወስደዋል። ምራቅ በበኩሉ ይመልሳል። የሚወሰደው ከሚመለሰው ሲበልጥ ጥርሱ መጀመሪያ ይነጣል፣ በኋላ ይቦረቦራል።»

«እንግዲያው ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው።»

«ቀዳዳ ከሆነ እውነትዎን ነው፤ የጥርስ ሳሙና ቀዳዳ አይደፍንም። ገና ነጭ ምልክት ሳለ ከተደረሰበት ግን የሄደው ማዕድን ሊመለስ ይችላል። ይኸው ማዕድን ደቅቆ የተጨመረበት የጥርስ ሳሙና አለ።»

ሽማግሌው ወደ እኔ ዞረው በዓይናቸው ሳቁብኝ። «ሰሙልኝ? አጥንት በሳሙና ሊጠገን ነው።»

«ጋሼ፣ የጭቃ ግድግዳ ሲሰነጠቅ በምን ይለሰናል?»

«በጭቃ ነዋ።»

«ጥርስም እንዲሁ ከተሠራበት ነገር ይለሰናል። ፍሎራይድ የሚባል ሌላ ማዕድን ያለበትም ሳሙና አለ፤ እሱ ብዙ ዘመን የተፈተነ ነው። የዚህኛውም ጥናት ጥሩ ነገር እያሳየ ነው። የቱ እንደሚሻልዎት ሐኪሙ ይንገርዎት።»

ክርክሩ እዚህ ላይ ያበቃ መስሎኝ ነበር። ሰው ግን ዕውቀት ሲቀርብለት እምቢ የሚለው ሁልጊዜ ስላልገባው አይደለም፤ አንዳንዴ ልቡ ስለተሰበረ ነው። ጋሽ ጡሩምባ ድምፃቸው ተለወጠ።

«ገባኝ፣ ልጄ። ለማን ብዬ ነው ግን? ባለቤቴ በሕይወት ሳለች ከሥራ ስመለስ ደረጃው ሥር ቆሜ አንድ አጭር ዜማ እነፋላት ነበር። ለሌላ ሰው ነፍቼው አላውቅም። አሁን የልጅ ልጄ፣ እሷን ያላየችው፣ አያቴ እንዴት ያለች ሰው ነበረች እያለች ትጠይቀኛለች። በቃል ልነግራት እጀምርና ያቅተኛል። እሷን የሚያውቃት ያ ዜማ ነው። ልንፋው ስል ትንፋሼ በክፍተቱ ያመልጣል። ጥርሴ የሄደ ዕለት ሚስቴን ሁለተኛ የቀበርኳት ያህል ነው የተሰማኝ።»

ልጅቷ ስልኳን ባንኮኒው ላይ አስቀመጠች። ቀጥላም፣ «ታዲያ የጎኖቹን ለምን ያስነቅሏቸዋል፣ ጋሼ?» አለች። «ሰው ሠራሽ ጥርስ ቢሠራልዎት የሚታሰረው በእነሱ ነው። ከሄዱ ማሰሪያም አይኖርም።»

«በሰው ሠራሽ ጥርስ ይነፋል?»

«የሚነፉ አሉ ሲባል ሰምቻለሁ፤ እንደ አዲስ መልመድ ይጠይቃል። ቃል ግን አልገባልዎትም።»

እኔ እንደማምነው ሽማግሌውን የረታቸው ይህ የመጨረሻው ቃል ነው። ቃል እገባለሁ ብትላቸው ኖሮ ዘይታቸውን ገዝተው ይወጡ ነበር። እሳቸው ግን ዘይቱን፣ ለስላሳ ብሩሽና ያንን ሳሙና አስጠቀለሉ። እሷም ጠዋትና ከመኝታ በፊት ሳይፈትጉ በቀስታ እንዲቦርሹ፣ ስኳር የበዛበትን ሻይ ቀኑን ሙሉ ፉት ማለት እንዲተዉ አደራ አለቻቸው። «የሻዩስ ነገር ከበደኝ» አሉ፤ ቢሆንም ተዉት።

ሰኞ ሐኪሙ የነቀለው የሚያማቸውን የኋላ ጥርስ ብቻ ነበር። የቀሩትን በየጊዜው ሲያያቸው ነጩ ምልክት መስፋቱን አቆመ፤ ቀዝቃዛ ውሃ ሲጠጡ የሚነዝራቸውም በረደ። ድዳቸው ሲያገግም ሰው ሠራሾቹ ከጎኖቹ ጋር ታሰሩላቸው። ከዚያ ወዲያ ከፎቅ የሚሰማን ድምፅ ዘይት ያጣ በር ሲጢጥ ሲል የሚመስል ነበር። ጎረቤቱ ሁሉ ታገሠ፤ ምን ይደረግ።

አንድ ከሰዓት በኋላ ከትምህርት ቤት ስመለስ ያ ዜማ ከፎቅ ወረደ። አጭር ነው፤ መሐል ላይ እንደ መደናቀፍ ብሎ፣ ሊወድቅ ሲል መልሶ ይፈነጥዛል። ደረጃው ላይ ቆምኩ። በሩ ክፍት ስለነበር የልጅ ልጃቸው ስትናገር ሰማኋት።

«ቀልደኛ ነበረች እንዴ፣ አባባ?»

«በጣም» አሉ እሳቸው። «በጣም ቀልደኛ ነበረች።»

በሌላ ቀን ሳገኛቸው፣ «እንግዲህ ናፍቆቱ ቀለል አለልዎት?» ብዬ ጠየቅኋቸው።

«ኧረ ባሰ፣ መምህር። ድሮ ብቻዬን ነበር የምናፍቃት፤ አሁን ሁለት ሆነን ነው። ግን ይሻላል።»

ዛሬ በሰፈራችን ጥርሱን ይዞ ፋርማሲ የገባ ሰው ከጋሽ ጡሩምባ ምክር አያመልጥም። ባለፈው ጫማ ሰፊውን በሩ ላይ ይዘው እንዲህ ሲሉት ሰማሁ፦

«ሳይቃጠል በቅጠል ነው፣ ወንድሜ። ኖራ መስሎ ሲነጣ ካልናቅከው በብሩሽና በሳሙና ትመልሰዋለህ። ዝም ካልከው ግን ሕመሙ አለ፣ እንቅልፍ ማጣቱ አለ፣ መነቀሉ አለ። በጊዜ የጠበቅከው ጥርስ እህልህን ያላምጥልሃል፣ ንግግርህን ያቃናልሃል። የምትናፍቀው ሰው ካለህም ስሙን አጥርተህ ትጠራበታለህ።»