አላየሁም ያልሁ ዕለት

ያ የፈረንጅ አገር የበረዶ ክረምት ኅዳር ላይ ገባ፤ እስከ መጋቢት መጨረሻ አልለቀቀንም። እኔ እሠራበት የነበረው የመኪና ማቆሚያ ማሽን ተከለና ጠባቂዎቹን አሰናበተ። ታክሲ የሚነዱ ጎረቤቶቼ ሥራ ቀዘቀዘባቸው። ኒው ሆፕ ከተማ ካለው ሕንፃችን ሁለት ቤተሰብ ኪራይ አቅቶት ወጣ። የማሞቂያ ቢል መጣ፤ የሚከፍል ጠፋ። ሰው አልሞተብንም፤ ሌላ የምናመሰግንበት ነገር አልነበረም።

በዚያን ጊዜ እድራችን ካርድ አሳተመ። በላዩ «አንድ ሰዓት» ተብሎ ተጽፏል። ገንዘብ ያጣ ሰው ካርዱ ላይ ይፈርማል፤ የፈረመ ሰው ካርዱን ለያዘው የአንድ ሰዓት ሥራ ዕዳ አለበት። አንዱ ታማሚ ሆስፒታል ያደርሳል፤ ሌላው ልጅ ይጠብቃል። ሮቢንስዴል ግሮሰሪ ያለው መገርሳ ካርዱን እንደ ዶላር ተቀበለን። እኔ ሰረቀብርሃን አርባ ካርድ ፈርሜለት ጤፍ፣ ዘይትና ምስር ወሰድሁ። አንድ ሰዓት እንኳ አልሠራሁለትም። ምክንያቱን መናገር ያሳፍረኛል፤ ግን የምጽፈው ለዚሁ ነው።

የካቲት ውስጥ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ከሱቁ ወጥቼ አውቶቡስ እጠብቅ ነበር። መገርሳ በሩን ሲቆልፍ አንድ የማላውቀው ሰው መጣና የገንዘብ ቦርሳውን ያዘ። መገርሳ አልለቅም አለ። ሰውየው በረዶው ላይ ጣለው፤ ላዩ ላይ ወጥቶ ጉሮሮውን አነቀው። መገርሳ በእጁ ሲዳብስ የበረዶ አካፋውን አገኘ። አንድ ጊዜ መታው። የሰውየው ክንድ ተሰበረ። እኔ የቆምሁት አሥር እርምጃ ርቄ ነው። ሁሉንም አይቻለሁ።

ፖሊስ ሲደርስ መገርሳ ከድንጋጤው የተነሣ እንግሊዝኛው ጠፋበት። ላስተረጉምለት ቀረብሁና በጆሮው፣ «ይቅርታ ጠይቅ። አጥፍቻለሁ በል፤ ይተውሃል» አልሁት። በእኛ ዘንድ እርቅ የሚጀመረው እንዲህ ነው። ያላጠፋም ቢሆን ዝቅ ይላል፤ ዝቅ ባለ ሰው ላይ የሚጨክን የለም። መገርሳ እንደ እኔ ያለውን ሽማግሌ አክባሪ ነው። ጎንበስ ብሎ «አጥፍቻለሁ» አለ። አስተረጎምሁ። ፖሊሱ ጻፈ።

ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ ምን እንዳየሁ ጠየቀኝ። ኪሴ ውስጥ ሦስት ያልተፈረሙ ካርዶች ነበሩ። ያን ሰሞን ካርዱ ሐሰተኛ ገንዘብ ነው፤ የተገኘበት ሰው ይታሰራል የሚል ወሬ ይናፈስ ነበር። ይፈትሸኛል ብዬ ፈራሁ።

«አላየሁም፤ በኋላ ነው የመጣሁት» አልሁ።

ስሜን ሳይጽፍ ተወኝ። መገርሳ ሰው በመምታት ተከሰሰ። ከተፈረደበት ግሪን ካርዱ አደጋ ላይ ይወድቃል። እሱ ታንቆ ስለነበር አላየኝም፤ ቃሌን አመነ። ጠበቃው ስለ አስተርጓሚው ስትጠይቀው፣ «ሽማግሌ ናቸው፤ አላየሁም ካሉ አላዩም፤ አታስቸግሯቸው» ማለቱን ከሰው ሰማሁ። ከዚያ ወዲያ በሱቁ በር አላለፍሁም።

ዓመት አለፈ። አንድ ቅዳሜ ልብስ ማጠቢያ ቤት ተቀምጬ ልብሴ እስኪደርቅ ስጠብቅ አንዲት ወጣት ወረቀት ይዛ መጣች።

«ጋሼ፣ ይቅርታ፣ አማርኛ ያነባሉ?»

«ዳዊት እደግማለሁ።»

«ተመስገን! ስፔሊንጉን ቼክ ያድርጉልኝ። እማዬ አንብባው በሳቅ ሞተች። ዮሐና እባላለሁ፤ ጠበቃ ቢሮ ነው የምሠራው።»

መነጽሬን አደረግሁ። ወረቀቱ፣ «ፖሊስ ሲጠይቅዎ ዝም የማለት መብት አለዎት። ጠበቃና አስተርጓሚ ይጠይቁ» ይላል።

«ፊደሉ ደህና ነው፤ ምክሩ ግን የሌባ ምክር ነው» አልኋት።

«እንዴት ጋሼ?»

«ንጹሕ ሰው ምን ብሎ ዝም ይላል? ዝም ያለ የደበቀው ነገር አለ።»

«እሺ፣ የባንክ ካርድዎን ፒን ይንገሩኝ።»

«ምን ቆርጦኝ!»

«ታዲያ ሌባ ነዎት ማለት ነው?»

አጠገባችን ልብስ የምታጥፍ ሴት ሳቀች። እኔ አልሳቅሁም።

«ምላስሽ ሹል ነው፣ ልጄ።»

«እማዬም ሁልጊዜ ትለኛለች።»

ልብሴ ሊደርቅ ገና ሃያ ደቂቃ ይቀረዋል፤ ማምለጫ አልነበረኝም። «ስሚኝ» አልኋት። «አባቶቻችን ድንጋይ ተሸክመው በደለኛ ነኝ እያሉ ስንት ደም አድርቀዋል። ይቅርታ የጠየቀ ሰው ምሕረት ያገኛል። ይህ ዝምታ ግን ትዕቢት ነው።»

ዮሐና ወንበር ስባ ተቀመጠች። ቀልዱን ትታ እንዲህ አለች።

«ጋሼ፣ ያ እርቅ ነው፤ ደስ ይላል። ሽማግሌው ሁለቱንም ያውቃቸዋል፤ ቤታቸውንም ያውቃል። ፖሊስ ግን አስታራቂ አይደለም። የሰማውን ይጽፋል፤ ዐቃቤ ሕጉ ያነበዋል። ጎንበስ ማለትዎን ማን ይጽፍልዎታል? የሚጻፈው ‹አጥፍቻለሁ› ብቻ ነው።»

«ሰው መትቶ የሰበረ ሰውስ ምን ሊል ነው?»

«እየታነቀ ከሆነስ? ነፍሱን ለማዳን የሚበቃውን ያህል ቢመታ ሕጉ ይፈቅድለታል። ግን እሱ ራሱ ቀድሞ አጥፍቻለሁ ካለ መታነቁን ማን ያምነዋል? አሁን የያዝነው ክስ እንዲህ ነው። ፍርድ ቤት በግልጽ የተነበበ ስለሆነ ልንገርዎ። ባለ ግሮሰሪ ነው፤ ሰው አንቆት በበረዶ አካፋ መታ። የሚያስተረጉም አንድ ሽማግሌ ይቅርታ ጠይቅ አሉት መሰለኝ። ምስክር የለም። ቀጠሮው ሐሙስ ነው። ሁለት ልጆች አሉት፣ ጋሼ።»

ወረቀቱን ለሁለት አጠፍሁ። በጉልበቴ ላይ አኖርሁት። አስቀድሜ የጠየቅኋት ስለ መገርሳ አልነበረም። ይህን ሳልደብቅ እጽፋለሁ፤ መጀመሪያ ያሰብሁት ለራሴ ነው።

«የእድር ካርድ... የሰዓት ካርድ የያዘ ሰው ይታሰራል?»

«ኧረ! ማን ነገረዎት?» አለች። «ካርዱ ዶላር አይመስል፤ ዶላር ነኝ አይል። ሰው ሥራውን ቢለዋወጥ ምን ወንጀል አለው? ባለ ሱቅ ብቻ ገቢዬ ብሎ ለታክስ ማስመዝገብ አለበት፤ የእኛ ባለ ግሮሰሪ ደግሞ አስመዝግቧል። አይተነዋል።»

ያ ሁሉ ፍርሃት ለባዶ ነበር። አንድ ሰው ደፍሬ ብጠይቅ ኖሮ በአንድ ቀን ይለቀኝ ነበር። እኔ በእድሩ ለሰው የምፈርድ፣ «የማታውቁትን ጠይቁ» እያልሁ የምመክር ሰው ነኝ።

«ልጄ፣ ያ ሽማግሌ—»

«ጋሼ፣ ይቆዩ!»

እጇን ዘረጋች። ፊቷ ተለዋወጠ፤ ገብቷታል።

«አይንገሩኝ። እኔ የምሠራው ለመገርሳ ጠበቃ ነው። የሰማሁትን ሁሉ እነግራታለሁ። ለፖሊስ ያሉት ነገር ካለ እርስዎንም ሊያስጠይቅዎ ይችላል። መጀመሪያ የራስዎን ጠበቃ ያነጋግሩ። በነጻ የሚያገለግሉ አሉ፤ ስልኩ ወረቀቱ ጀርባ ላይ ነው።»

«ሐሙስ ነው አላልሽም?»

«ነው።»

«የምትፈልጉትስ ይህን አይደለም?»

«በጣም!» ዓይኗ እንባ ሞላ። «በጣም ነው የምንፈልገው። ግን ለመገርሳ ይገባዋል ያልሁትን ለእርስዎ ብነፍግዎ፣ ይህን ወረቀት በምን ዓይኔ አድላለሁ?»

በክርክሩ አልተረታሁም ነበር፤ በክርክር የሚረታ ሽማግሌ ጥቂት ነው። የረታኝ ይህ ነው። ዓመት ሙሉ ስትፈልገው የነበረው ቃል ከአፌ ሊወጣ ሲል ለእኔ ብላ አስቆመችው። እኔ መገርሳን ያናገርሁት ሳላስብለት ነበር፤ እሷ ግን የማታውቀኝ ልጅ ዝም አሰኘችኝ። ዝምታ የሌባ ብቻ እንዳልሆነ፣ ያሰቡትን አስተካክሎ ለመናገር የሚሰጥ ጊዜ እንደሆነ ያን ቀን ገባኝ።

ሰኞ ጠበቃ አነጋገርሁ። ሊመጣብኝ የሚችለውን ነገረኝ። እመሰክራለሁ አልሁት። ሐሙስ ምስክር ሳጥን ውስጥ ቆምሁ፤ በአስተርጓሚ ተናገርሁ። የእድሩ ሰዎች ተደርድረው ተቀምጠዋል። ያየሁትን፣ የመከርሁትን፣ የዋሸሁትን ተናገርሁ። ዐቃቤ ሕጉ ተነሣ።

«ለተከሳሹ የአርባ ሰዓት ዕዳ አለብህ። ዕዳህን በምስክርነት እየከፈልህ አይደለም?»

«አርባው ሰዓት እንዳለ ነው፤ ወደፊት እሠራዋለሁ። ዛሬ የመጣሁት የዋሸሁትን ለማንሣት ነው» አልሁ።

ከተቀመጡት መካከል አንድ ሰው ሳለ። ቀና ብዬ አላየሁም።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ክሱ ተነሣ። እኔን ማንም አልከሰሰኝም፤ ቢከሱኝም አልፈርድባቸውም ነበር። ወደ ሱቁ ሄጄ ኮፍያዬን አወለቅሁ።

«መገርሳ፣ በድዬሃለሁ—»

«ይተዉ፣ ጋሼ!» አለ። «ጠበቃ ሳይኖር እንዳይናገሩ!»

ሳቀ። ሚስቱ ሲንቄ ግን አልሳቀችም። «ልጆቼ ዓመት ሙሉ ፖሊስ ባዩ ቁጥር አልጋ ሥር ይገቡ ነበር» አለችኝ። መገርሳ ካርዶቼን አውጥቶ ሊቀድ ሲል እጁን ያዝሁት።

በየቅዳሜው አራት አራት ሰዓት ሠራሁ። ከረጢት ተሸከምሁ፤ መደርደሪያ ጠረግሁ። በእድራችንም ስብሰባ ከመበተኑ በፊት አንድ ሰው ቆሞ የዮሐናን ወረቀት ጮክ ብሎ ያነባል፤ ያነበበው ደግሞ ለማያነቡት ያስረዳል። ከዚያ ወዲህ ሁለት ሰዎቻችን ተጠይቀው ጠበቃና አስተርጓሚ እስኪመጣ ዝም አሉ፤ ሁለቱም ወደ ሥራቸው ተመልሰዋል። ካርዱንም በጠበቃ አስመርምረን በሕግ ስለያዝነው ወሬው ቆመ፤ ፈርቶ የተወው ሰው ሁሉ ተመለሰ። ይቅርታ መጠየቅን አልተውንም፤ ግን ቦታውን ለየንለት።

ሰኔ ውስጥ አርባኛው ሰዓት ሞላ። መገርሳ የመጨረሻዋን ካርድ ከመሳቢያ አወጣ፤ ፊርማዬን አየና ለሁለት ቀደዳት። ሲንቄ ቁራጮቹን ከእጁ ተቀብላ ቆጠረቻቸው፤ ከዚያ ቀና ብላ አየችኝ።

«ገለቶማ፣ ጋሼ» ብላ በኦሮምኛ አመሰገነችኝ።

ልብሴን አራግፌ ወደ ደንበኞቹ ወገን ዞርሁና ሁለት ፓውንድ ምስር በዶላር ገዛሁ።