የጀማነሽ ሁለት ፋይሎች

የምስክርነት ቃል መቀበያ ቅጽ

የምስክር ስም፦ አቶ ሀብተሥላሴ ደምሰው
ዕድሜ፦ 64
ሥራ፦ ጡረተኛ፣ የቀድሞ የመዝገብ ቤት ኃላፊ
አድራሻ፦ ቂርቆስ ክፍለ ከተማ፣ መስቀል ፍላወር አካባቢ፣ ልጃቸው ቤት (የካዛንቺሱ የቤት ቁጥር ቤቱ ስለፈረሰ አልተሞላም)
ቃሉ የተሰጠበት ጊዜ፦ ረቡዕ ኅዳር 17 ቀን 2018 ዓ.ም.፣ ከጠዋቱ 4፡10 ሰዓት
ቃል ተቀባይ፦ ምክትል ሳጅን አርአያ
የጉዳዩ ዓይነት፦ የአካል ጉዳት ማድረስ፤ እንዲሁም የ118 ሰዓት ጌም ማጥፋት (ቅጹ ለዚህ ቦታ ስለሌለው በእጅ የተጨመረ)

ስሜና አድራሻዬ ከላይ የሰፈረው እኔ ምስክር፣ ተጠርጣሪውን ዮአብን እና የግል ተበዳዩን መሐመድአሚንን ካዛንቺስ በአንድ ግቢ ስንኖር ከልጅነታቸው ጀምሮ አውቃቸዋለሁ። ከሁለቱም ጋር የሥጋ ዝምድናም ሆነ ቂም የለኝም። ዮአብ ዕድሜው 29፣ በመድኃኒት ቤት ተቀጥሮ የሚሠራ ነው። መሐመድአሚን ዕድሜው 31፣ ከወንድሙ ጋር የመኪና መለዋወጫ ይሸጣል። ሁለቱም ጨዋዎች ናቸው፤ ሲሰዳደቡ እንኳ ወላጅ አይነኩም።

ግቢያችን ሲፈርስ ዮአብ ከከተማው ዳር ኮንዶሚኒየም ገባ፣ መሐመድአሚን ቄራ ተከራየ፣ እኔ ልጄ ዘንድ ተጠጋሁ። በዚያው ግቢ ያደገችው ሰብሊ ደግሞ ጌም ቤቷን ከካዛንቺስ ነቅላ ከልጄ ቤት ጀርባ አንድ ክፍል ውስጥ ተከለችው። ከጡረታ ወዲህ የምውልበት ስላልነበረኝ በየቀኑ እዚያ እቀመጣለሁ። ጌም አልጫወትም። አያለሁ። ከግቢያችን የተረፈው እንግዲህ ይህ ክፍል ነው ማለት ይቻላል።

የሰብሊ ደንበኛ ሁሉ የሚጫወተው የኳስ ጌም ነው። ዮአብና መሐመድአሚን ብቻ «ሰባት በር» የተባለውን ይጫወታሉ። ይህኛው በፊሽካ የሚያልቅ አይደለም። አንዲት ከተማዋ የፈረሰባት ሴት ሰባት በሮች እያስከፈተች የተበተኑ ጎረቤቶቿን ትሰበስባለች። ሙያዋን፣ ጠባይዋን፣ አነጋገሯን፣ ወዳጅና ጠላቷን የሚመርጥላት ተጫዋቹ ነው። ልጆቹ ስም አውጡላት ሲባሉ «ጀማነሽ» አሏት። ወይዘሮ ጀማነሽ የግቢያችን በር ላይ ድንችና ሽንኩርት ይሸጡ የነበሩ፣ ደንብ አስከባሪ ሲመጣ ዕቃ መሰብሰብ ሳይሆን ዋጋ መጥራት የሚጀምሩ ሴት ናቸው። ዛሬም በሕይወት አሉ። አሥራ አንድ ዘንዶ መግደላቸውን ግን እስካሁን የነገራቸው የለም።

ሁለቱ ልጆች አንዷን ጀማነሽ በፈረቃ ያሳድጓታል። ሥራቸው በፈቀደ ቀን ዮአብ ከጠዋቱ 3 እስከ 5፣ መሐመድአሚን ከቀኑ 8 እስከ 10 ሰዓት። በመጀመሪያ ሰሞን «መድኃኒቱን ማን ጨረሰው? ፈረሱን ማን ሸጠው?» የሚል ጭቅጭቅ በየዕለቱ ስለነበር አላስቻለኝም። ባለ መስመር ደብተር ገዝቼ ዓምድ አሰመርኩ፦ ቀሪ ሕይወት፣ የመድኃኒት ጠርሙስ ብዛት፣ የሰይፍ ሁኔታ፣ የፈረስ ጤንነት፣ አስረካቢ፣ ተረካቢ፣ ታዛቢ። ታዛቢው እኔ ነኝ። ከዚያ ወዲህ ጀማነሽ ያለ ፊርማ ከእጅ ወደ እጅ ተላልፋ አታውቅም። በመዝገብ ቤት ሠላሳ አንድ ዓመት ስሠራ መመሪያዬ አንድ ነበር፤ አንድ ጉዳይ፣ አንድ ፋይል። አንድም ፋይል ጠፍቶብኝ አያውቅም።

የሚከራከሩበትን ነጥብ ቃሌን የሚቀበሉት መርማሪ ለምርመራው ስለሚጠቅም በዝርዝር እንዳስረዳ ስላሉኝ አስረዳለሁ። ዮአብ ውጊያው ተራ በተራ እንዲሆን ይፈልጋል። አንዴ ጀማነሽ ትመታለች፣ አንዴ ጠላት ይመታል፣ በመካከሉ ይታሰባል። መሐመድአሚን ውጊያው ሳይቆም እንዲሄድ ይፈልጋል። ጌሙ ሁለቱንም ይፈቅዳል፤ ችግሩም ከዚያ ነው የመጣው።

መሐመድአሚን እንዲህ ሲል ሰምቻለሁ፦ «አቦ ዮቤ፣ ጦርነቱን የባንክ ወረፋ አደረግከው እኮ! ዘንዶው ቁጥር ቆርጦ ይቀመጥ እንዴ?»

ዮአብም፦ «አንተ ደግሞ ትሮጣለህ፣ ትንከባለላለህ፣ ትመታለህ። ይሄ ውጊያ ነው ወይስ የመገናኛ ታክሲ ግፊያ?»

ዮአብ በመንገድ ያገኘውን ሰው ሁሉ ያናግራል፣ ደብዳቤ ሁሉ ያነባል፣ መድኃኒት አከማችቶ አንዱንም አይጠቀምም። መሐመድአሚን «ፋርማሲስቱ ያለ ማዘዣ ለራሱም አይሰጥም» ይለዋል። እሱ በበኩሉ ሰይፍ እንደ ፍሬን ሸራ በየሳምንቱ ይቀይራል፣ ወሬ ሲጀመርለት ደግሞ ይዘላል። አንድ ቀን ዮአብ ከወንበሩ ተነስቶ «ሴትየዋ ልጇ እንደጠፋ እየነገረችህ እኮ ነው የዘለልካት!» አለው። «በቃ መንገድ ላይ አገኘዋለሁ፣ ወላሂ!» አለ። እውነትም ከሩብ ሰዓት በኋላ አገኘው። ዮአብ ሦስት ቀን ከፍቶት ነበር።

በሥራ ዘመኔ ብዙ ስብሰባ ተቀምጫለሁ። እንደ እነዚህ የሚከራከር አልገጠመኝም። አንዱ ሲናገር ሌላው አፉን ይዘጋል፤ ለመስማማት አይደለም፣ አሳምሮ ለመመለስ ነው፤ ቢሆንም ያዳምጣል። ሦስተኛው በር ላይ የተደረገውን በዕለትና በሰዓት ይጠቅሳሉ። የረታ «ረታሁ» አይልም። ነገ ሌላ ክርክር አለና።

ጌም ይህን ያህል ያካርራል ወይ ተብዬ ተጠይቄያለሁ። ኳስ የሚጫወተው ሌሎች የሠሩትን ቡድን ነው የሚያነሳው። እነዚህ ሰው ነው የሚሠሩት። አንዱ «ጀማነሽ እንዲህ አታደርግም» ሲል፣ እኔ ብሆን እንዲህ አልኖርም ማለቱ ነው፤ እንግዲህ አኗኗርህ ተነክቶ ዝም ልትል ነው? ግቢያችን የፈረሰ ጊዜ ዮአብ የሰባት ቤት ዕቃ ቆጥሮ፣ በካርቶን ላይ ቁጥር ጽፎ፣ ዝርዝሩን በየስማችን አደለን። መሐመድአሚን ዝርዝሩን ሳያየው አይሱዙ ይዞ ከች አለና በአንድ ቀን ጭኖ ጨረሰው። ዝርዝሩ ባይኖር የእኔ ካርቶን ቄራ ይቀር ነበር። አይሱዙው ባይኖር ዮአብ እስካሁን እየቆጠረ ነበር። ያን ቀንም ሲሰዳደቡ ነው የዋሉት።

መስከረም ላይ ግን የምር ተኳርፈው መሐመድአሚን የራሱን ሌላ ጀማነሽ ከፍቷል። ስሟ ያው ነው፣ ጸጉሯ አጭር ነው፣ ፈረስ የላትም። ዘጠኝ ቀን፣ በድምሩ 14 ሰዓት ብቻውን ተጫወተ። በአሥረኛው ቀን ዮአብ አጠገብ መጥቶ ተቀመጠና «ብቻዬን ስሆን የሚሰድበኝ የለም፤ አይጥምም» አለ። ታረቁ። የጠቡ ፋይል ግን እዚያው ማሽኑ ውስጥ ቀረ። እኔ በየቀኑ አየው ነበር። አይኔን ይወጋኝ ነበር።

ቅዳሜ ኅዳር 13 ቀን ጀማነሽ በ118ኛ ሰዓቷ ሰባተኛው በር ደረሰች። በሩ ላይ አንድ ዘበኛ አለ። ይገደላል፣ አሊያም በቃል ይረታል። ዮአብ ደብዳቤዎቹን ሁሉ ያነበበው ለዚህ ዘበኛ መሆኑን ተናገረ። መሐመድአሚን ደግሞ የጀማነሽን ጎረቤቶች አንድ ዓመት ሙሉ ያስለቀሰ ዘበኛ በወግ አይታለፍም አለ። ክርክሩ ሁለት ሰዓት ፈጀ። ኳስ ተጫዋቾቹ ጨዋታ አቁመው አዳመጡ። በመጨረሻ ዮአብ «ዘበኛውን ከምትገድለው ባይጨረስ ይሻላል!» ብሎ ጮኸ። ቤት ውስጥ የነበርነው ሁሉ ሰምተናል። ማክሰኞ በ8 ሰዓት ሁለቱም ባሉበት እንዲወሰን፣ እስከዚያም ማንም እንዳይጫወት ተስማምተው ተለያዩ። መርማሪው ዘበኛው በቃል ሲረታ ምን እንደሚል ጠይቀውኝ፣ እስካሁን የደረሰበት ስለሌለ አላውቅም ብዬ መልሻለሁ።

ሰኞ ኅዳር 15 ቀን ከቀኑ 10 ሰዓት መሐመድአሚን ጀማነሽን አስረከበ፤ ዮአብ ወደ መድኃኒት ቤቱ የማታ ፈረቃ ሲያልፍ ጎራ ብሎ ተረከበ። እኔም በታዛቢነት ፈርሜያለሁ። ዮአብ ጆይስቲኩን ሳይነካ ሄደ።

ማክሰኞ ኅዳር 16 ቀን ከቀኑ 8፡20 ሰዓት ሲሆን መሐመድአሚን ጌሙን ከፈተ። ስክሪኑ ላይ አንድ ፋይል ብቻ ነበር። አጭር ጸጉር፣ ፈረስ የለም፣ 14 ሰዓት። መሐመድአሚን ጆይስቲኩን አስቀምጦ ወደ ዮአብ ዞረ። ከዚያ ቀስ ብሎ «ብቻህን ተጫወት ነው ያልከኝ?» አለው። ዮአብ «አሚኔ ምን እያልክ ነው?» አለ። «የጋራችንን አጥፍተህ የጠባችንን ተውክልኝ!» ብሎ አንገትጌውን ያዘው። ዮአብ ገፈተረው። መሐመድአሚን የጠረጴዛው ጠርዝ ላይ ወድቆ ቅንድቡ ተሰነጠቀ። ሰብሊ ጮኸች፣ ፖሊስ መጣ።

የፖሊስ አባሉ ማስረጃ ሲጠይቅ ሰብሊ ደብተሬን አምጥታ ሰጠችው። ሰኞ፣ 10 ሰዓት፣ ተረካቢ ዮአብ። ፊርማው ግልጽ ነው። ዮአብ ወደ እኔ ዞሮ «ጋሽ ሀብቴ፣ እርስዎ ነበሩ፤ እንዳልነካሁት ይንገሯቸው» አለኝ። እኔም «መዝገቡ እንደሚለው ነው» አልኩ። ይህን ብዬ ዮአብ በመኪና ሲወሰድ ቆሜ አይቻለሁ።

ዛሬ ጠዋት ወደዚህ ጣቢያ ስመጣ መሐመድአሚንን የተሰፋ ቅንድቡ ላይ ፕላስተር ለጥፎ፣ ምሳ ዕቃ ይዞ በር ላይ አገኘሁት። የጥበቃ አባሉ የታሳሪው ምን እንደሆነ ሲጠይቀው «ከሳሽ ነኝ» አለ። «ከሳሽ ምግብ ያመጣል እንዴ?» ቢለው፣ «ጨጓራ አለበት። እዚህ ቃሪያ ይጨምሩበታል። ክሱን ግን አላነሳም!» ሲል ሰምቻለሁ።

ከዚህ ቀጥሎ ያለውን መርማሪው አልጠየቁኝም፤ በራሴ ፈቃድ እናገራለሁ። ፋይሉን ያጠፋሁት እኔ ነኝ።

ሰኞ ልጆቹ ከሄዱ በኋላ፣ ከቀኑ 10፡30 ገደማ ሰብሊ ካርድ ልትገዛ ወጣ ስትል ማሽኑን ከፈትኩ። ወደ መጨረሻው በር ሲገቡ የጠባቸው ፋይል አጠገባቸው እንዳይኖር ብዬ ነበር። አንድ ጉዳይ፣ አንድ ፋይል። ስክሪኑ ላይ ሁለት ጀማነሾች ከላይና ከታች ተደርድረዋል። በመዝገብ ቤት ኋላ የመጣ ወረቀት ከላይ ይታሰራል፤ የጠቡ ፋይል ደግሞ ከዋናው በኋላ የተከፈተ ነው። ስለዚህ የላይኛውን አጠፋሁ። ለካ ማሽኑ ከላይ የሚያስቀምጠው መጨረሻ የተነካውን ኖሯል። መነጽሬን አላደረግሁም ነበር። ማሽኑ እርግጠኛ መሆኔን ሁለት ጊዜ ጠይቆኛል። ሠላሳ አንድ ዓመት እርግጠኛ ሆኖ የኖረን ሰው ጠይቆ ምን ሊያገኝ ነው።

ማክሰኞ ስክሪኑ ሲከፈት አወቅሁ። የደበቅሁት ፋይል ጠፍቶበት የማያውቅ ሰው መባሌ እንዳይቀርብኝ ነው። ለዚህ ስል የሰው ልጅ ሌሊቱን እዚህ አሳድሬያለሁ። እነሱ በገዛ አፋቸው የሚያምኑበትን እየጮሁ ሲናገሩ፣ እኔ ሽማግሌው ደብተር ጀርባ ተደበቅሁ። ይህ በመዝገብ ይያዝልኝ።

መርማሪው 118 ሰዓቱ ሊመለስ የማይችል መሆኑን ስነግራቸው እስክሪብቶአቸውን አስቀምጠዋል። ከዚያም በጥያቄዬ መሠረት ሁለቱን ወደ ቢሮ አስጠርተው ቃሌን አነበቡላቸው።

 አንብበው ሲጨርሱ ዮአብ «ጋሽ ሀብቴ፣ መነጽርዎስ?» አለ። መሐመድአሚን ሳቀ፣ ቅንድቡን ይዞ «ወይኔ ስፌቴ!» እያለ ሳቀ። ምሳ ዕቃውን ለዮአብ ሰጠው። «ይቅርታ ዮቤ» አለው። ዮአብም «እኔም ገፍትሬሃለሁ» አለ። መሐመድአሚን አቤቱታውን ማንሳቱን ገልጾ ፈርሟል። ፊርማው ሳይደርቅ «ከዜሮ ከሆነማ እንግዲህ ጀማነሽ ቀስተኛ ናት» አለ። «ሙት በለኝ፤ ፈዋሽ ናት!» «ፈዋሽ ሆና ዘንዶውን የደም ግፊቱን ልትለካው ነው?» ተባብለው ድምፃቸው ከፍ በማለቱ መርማሪው ሁለት ጊዜ ጸጥታ አስከብረዋል። በሦስተኛው፣ ለሥራቸው ገለልተኛ መሆናቸውን አስቀድመው ገልጸው፣ ቀስተኛ በመጀመሪያው በር ላይ እንደምትቸገር ጠቁመዋል። ሰብሊ ጌም ቤቷን በስንት ሰዓት እንደምትከፍትም ጠይቀውኛል።

ልጆቹ ርክክቡን እንድቀጥል ፈቅደውልኛል፤ ጆይስቲክ እንዳልነካ በደብተሩ የመጀመሪያ ገጽ ላይ አስፈርመውኝ ነው።

ይህ ቃል ተነቦልኛል፤ እኔም መነጽሬን አድርጌ ከላይ እስከ ታች አንብቤዋለሁ። ያልኩት ሁሉ የሆነ ነው፤ የሆነው ሁሉም ተብሏል። በመጨረሻም አንድ ነገር አመለክታለሁ፦ ይህ ቃሌ በሁለት ኮፒ ተዘጋጅቶ፣ አንዱ ከሌላው ርቆ ይቀመጥልኝ።

የምስክር ፊርማ፦ ሀብተሥላሴ ደምሰው
የቃል ተቀባይ ፊርማ፦ ም/ሳጅን አርአያ
ኮፒ፦ 2 (ሁለት)