ድንኳን ለአባ ዘርጋው

በልጆች መጽሔት ሠዓሊ በአቶ ዓምደሚካኤል የጡረታ ሽኝት ላይ፣ የእርማት ክፍሏ ወይዘሮ የሺዓለም የተናገሩት፤ ፒያሳ፣ ሰኔ 1980 ዓ.ም.

አቶ ዓምደሚካኤል፤ የሥራ ባልደረቦቼ፤

እኚህ ሰው እዚህ ቤት ሥራ የጀመሩ ዕለት በብብታቸው ዳክዬ ይዘው ነበር። የተሣለች ዳክዬ አላልኩም። እግሯ በገመድ የታሰረ፣ ደረጃው እስኪያልቅ ድረስ የምትጮህ፣ በሕይወት ያለች ዳክዬ ናት። ዘመኑ 1953 ነው። ዘበኛው አቆማቸውና ዶሮ ይዞ መግባት ክልክል ነው አላቸው።

«ዶሮ አይደለችም» አሉት።

«ምንድን ናት ታዲያ?»

«ዳክዬ ናት።»

ዘበኛው ጥቂት አሰበና «ስለ ዳክዬ የተነገረኝ የለም፤ ይለፉ» አለ።

አልፈው ወደ እኔ ክፍል ገቡ። ዳክዬዋን አምጥተው ያስቀመጧት ጠረጴዛዬ ላይ ነው፤ በጠረጴዛው ላይ ደግሞ ሳምንቱን ሙሉ የደከምኩበት፣ ለእርማት የወጣ ቅጂ ነበር። ምን እንዳደረገችበት በምግብ ፊት አልናገርም። ሰውየው ይቅርታ እንኳ አልጠየቁኝም። ጎንበስ ብለው አዩና «እዚህ ጋ ነጠላ ሰረዝ ረስተው ነበር፤ እሷ አኖረችልዎት» አሉኝ። እስከ ደመወዝ ቀን ድረስ አላናገርኳቸውም።

ቤተሰቦቻችሁን ይዛችሁ የመጣችሁ ስላላችሁ ነገሩን ከሥሩ ልናገር። መጽሔታችን ያን ጊዜ በሥዕል የሚተረክ ታሪክ ይፈልግ ነበር። አቶ ዓምደሚካኤል ጅቡንና ጦጣውን ተረት ጨርሷቸዋል፣ ዳክዬን ግን ማንም አልነካትም ብለው አለቃውን አሳመኑ። የአባ ዘርጋው ቤተሰብ የተወለደው እንዲህ ነው። አባ ዘርጋው ከጊዮርጊስ ቁልቁል ባለ ሰፊ ግቢ የሚኖር ሽማግሌ ዳክዬ ነው። በሩን የሚያንኳኳ ሁሉ ዘመድ ነኝ ይላል። ሽማግሌው በቀዳዳ አጮልቆ «ቁጠር» ይለዋል። መጪው እስከ ሰባት ቤት ሊቆጥር ይነሣል፤ መንገድ ላይ ይጠፋበታል፣ አያቱን ከአክስቱ ያጋባል፣ ሽማግሌው ይቆጣል። በመጨረሻ ግን በሩ ይከፈታል። ከዚያ በር የተመለሰ ዳክዬ የለም።

በዚህ ቆጠራ እኔና እሳቸው ዕድሜያችንን ስንጣላ ኖረናል። በመስከረም የአክስት ልጅ የነበረው በጥር የእህት ልጅ ሆኖ ይመጣል። እኔን ያስተማሩኝ መምህር ለአንድ ስሕተት መዳፌን በማስመሪያ የሚመቱ ነበሩ፤ እንዲህ ያለውን አይቼ ማለፍ አልችልም። ስለዚህ የዳክዬዎቹን የዘር ሐረግ በሥዕል ክፍሉ ግድግዳ ላይ በከሰል እንዲሥሉት አስገደድኳቸው። ዛሬም አለ። ከወለሉ ተነሥቶ ጣሪያው ደርሷል።

በዚያ ሐረግ ላይ አንድ ነገር አልስተካከል አለኝ። አባ ዘርጋው ከመጀመሪያው ዕለት ጀምሮ የሚያሳድጋቸው የእህቱ ልጆች አሉ። እናታቸው ግን በግድግዳው ላይ የለችም፤ በስሟ ፈንታ ባዶ ቦታ ነው ያለው። ልጅ ያለ እናት አይወለድም፣ ዳክዬም ቢሆን፣ ብዬ ጠየቅኳቸው።

«እትዬ የሺዓለም፣ እናት ካለች ታሪክ የለም። ገና ከበር ሳይወጡ ትመልሳቸዋለች» አሉኝ።

ክፍሉ በሙሉ ሳቀ። ያን ጊዜ የሚያስቅ ነገር ነበር።

ልማዳቸውን ደግሞ ከእኔ ይልቅ እናንተ ታውቁታላችሁ። ማኪያቷቸውን በብሩሽ ያማስላሉ፤ ከዚያ በዚያው ብሩሽ ይቀባሉ። የአባ ዘርጋው መልክ ቡናማ የሆነው በምርጫ እንዳይመስላችሁ። እርሳሳቸውን ጆሯቸው ላይ ሰክተው ሕንፃው በሙሉ እንዲፈልግላቸው ያደርጋሉ። ሲሥሉ የእያንዳንዱን ዳክዬ ንግግር በየድምፁ ይናገራሉ፤ አንዲት አዲስ የመጣች ታይፒስት ይህን ሰምታ በማግስቱ ጸበል ይዛላቸው መጣች። አመስግነው ጠጡት። ንግግራቸውንም ቀጠሉ። ገጹ ለምን ዘገየ ብዬ ስሄድ ሁልጊዜ ቀለሙ አልደረቀም ይሉኛል። አንድ ቀን በጣቴ ነካሁት። ደረቅ ነበር፤ ምክንያቱም ምንም አልተሣለበትም።

አሁንም እንደዚያው ነው። እሳቸው ሲሄዱ የዳክዬዎቹም ገጽ ይዘጋ ተብሏል። የመጨረሻው ገጽ ሰኞ ማተሚያ መግባት አለበት። ዛሬ ጠዋት ሄጄ አየሁት፤ ባዶ ነው። ንግግሬ በእውነቱ ስለዚያ ባዶ ገጽ ነው።

ኃላፊዎቹ ተናግረው፣ የግድግዳ ሰዓት ሸልመው ሄደዋል። ጡረታ ለሚወጣ ሰው ሰዓት መስጠት ምን ማለት እንደሆነ አልገባኝም። ለማንኛውም በሩ ተዘግቷል፤ የቀረነው የቤቱ ሰዎች ብቻ ነን። ከዚህ በኋላ የምናገረው ለእርስዎ ነው፣ አቶ ዓምደሚካኤል።

ትርፍ ቤት የተወረሰ ጊዜ ገጾቻችንን የሚመረምሩት ሰው መጥተው የአባ ዘርጋውም ግቢ ይወረስ አሉ። እርስዎ አልተከራከሩም። በሚቀጥለው እትም ግቢው ተወረሰ፤ አባ ዘርጋው በሩ ሥር ባለችው የዘበኛ ክፍል ገብቶ ለቀበሌ ኪራይ መክፈል ጀመረ። በሩን የሚከፍተው ግን አሁንም እሱ ነበር። መርማሪው እንደገና መጡ። ይህ ሽማግሌ የአሮጌው ሥርዓት ቅሪት ነውና ይሙት አሉ። እርስዎ ከወረቀቱ ቀና ሳይሉ «በእኔ እጅ ማንም አይሞትም» አሏቸው። ቀጥለውም ሽማግሌው ከሞተ ሕፃናቱን ማን ያሳድጋቸዋል ብለው ጨመሩበት፤ ሰውየውም ሳቁና አለፉ።

ከዚያ 1970 መጣ። እዚያ መስኮቱ አጠገብ የተቀመጠችው የጥረዛ ክፍሏ አክበረት፣ ልጇን ሐዱሽን ከስድስት ኪሎ ሲመለስ ወሰዱባት። መሞቱን ሰው ነገራት፤ አስከሬኑን አልሰጧትም። ማልቀስ ክልክል ነበር። ጥቁር መልበስ ክልክል ነበር። ድንኳንማ ማን ያስበዋል። በማግስቱ ነጭ ነጠላዋን ለብሳ ሥራ ገባችና ወረቀት ማጠፍ ጀመረች። እኛም ደኅና አደርሽ አልናት።

ብዙም ሳይቆይ የአባ ዘርጋው በር ተንኳኳ። ደብተሩን የኋላ ኪሱ ውስጥ የሻጠ፣ የጫማው ማሰሪያ የተፈታ ወጣት ዳክዬ ቆሟል። አባ ዘርጋው «ቁጠር» አላለውም። ዝም ብሎ ከፈተለት። አክበረት ወረቀቱን ልታጥፍ ስትል አየችው። እጇ ቆመ። ከዚያ «ዛሬም አላሰረውም» አለች፤ አጠፈችውና ቀጣዩን ወረቀት አነሣች።

ከዚያ ወዲያ ሰዎች ወደ ሥዕል ክፍሉ ይመጡ ጀመር። ምንም አይለምኑዎትም። አንዱ የእኔ ግራኝ ነበር ይላል። ሌላዋ የእኔ ሲስቅ አፉን በእጁ ይሸፍን ነበር ትልና ትሄዳለች። እርስዎም ቀና አይሉም። በሚቀጥለው እትም በሩ ይንኳኳል። የግድግዳው ሐረግ በየወሩ ቅርንጫፍ አወጣ፤ ሁሉም የአባ ዘርጋው የእህትና የወንድም ልጆች ሆኑ። እናታቸው የት አለች ብዬ መጠየቄን ተውኩ። እናቶቻቸው እዚህ ነበሩ። አሁን ምግብ በቀረበባቸው በእነዚህ ጠረጴዛዎች ላይ ወረቀት ያጥፉ ነበር።

በዚያው ዓመት እርስዎም አንድ ጠዋት አርፍደው መጡ። በግራና በቀኝ እጅዎ ሕፃናት ይዘው ነበር፤ የእህትዎን የጽጌማርያምን ልጆች። ጽጌማርያም የት አለች ብሎ የጠየቀዎት የለም። ልጆቹ አምስት ኪሎ ካለው ቤትዎ እየተመላለሱ አደጉ፤ ይኸው ዛሬ አጠገብዎ ተቀምጠዋል፣ ታላቂቱም ዘንድሮ ዩኒቨርሲቲ ገብታለች። የሣሉት ታሪክ በራስዎ ቤት ደረሰ። እህትዎን ግን በዚያ ግድግዳ ላይ አልሣሏትም። በሩን ካንኳኩት መካከልም አላየኋትም። ባዶው ቦታ ዛሬም ባዶ ነው።

ማመስገን አልችልበትም፤ ሥራዬ ስሕተት መፈለግ ነው። ግን ይህን ልበልዎት። ልጆቻችንን ማንም ስማቸውን በማይጠራበት ጊዜ እርስዎ ቤት አስገቧቸው። በየወሩ እንዲበሉ፣ እንዲጣሉ፣ እንዲስቁ አደረጓቸው። ስለዚህ በዚህ ክፍል ስም እጅ እነሣለሁ።

የመጨረሻው ገጽ ለምን ባዶ እንደሆነ የገባኝ ይመስለኛል። ገጹ ከተዘጋ እነዚያ ሁሉ ልጆች የት ይገባሉ? ባለፈው ሳምንት አክበረት መጥታ መልሱን ሰጠችኝ። እንድናገርላት ፈቅዳለች፤ ቃሏ ይህ ነው፦

«እትዬ፣ ሽማግሌው ይሙትልኝ። ሽማግሌ ሲሞት ድንኳን ይተከላል። ድንኳን ከተተከለ ዘመድ ሁሉ መጥቶ ይቀመጣል። በሰው ለቅሶ የራሱን የሚያለቅሰውን ማን ይለየዋል? እኔም እቀመጣለሁ።»

አሥር ዓመት ሙሉ አልተቀመጠችም። እርስዎም አልተቀመጡም።

በእኔ እጅ ማንም አይሞትም ያሉትን አልረሳሁም። አባ ዘርጋው ግን በእርጅና ይሙት፤ በአልጋው ላይ፣ ዘመድ ከብቦት፣ ዓይኑን የሚከድንለት ሰው አግኝቶ። እንዲህ ያለ ሞት ብርቅ ሆኖብናል። መርማሪው ደስ ይላቸው ይሆናል፤ ይሁንላቸው። እኔ የምለምንዎት ቀብር ነው። ሃያ ሰባት ዓመት ሥራዎን ሳርም ኖሬአለሁ፤ ከዚህ ሌላ የማርመው የለኝም።

ኃላፊዎቹ ሰዓት ሸለሙ፤ እኛ ከፊትዎ ያስቀመጥነው ይህን ወረቀት ነው። እርሳሱን አይፈልጉት፤ ጆሮዎ ላይ ነው። ድንኳኑን ሲሥሉ ለአክበረት ከመግቢያው አጠገብ ቦታ ይተዉላት። ከፊት መቀመጥ አትፈልግም፤ የሚገባውን ሰው ማየት ትፈልጋለች። ከጎኗም አንድ ወንበር ይጨምሩ። እሱ የእርስዎ ነው።

አሁን ሰዓት እላፊ ሳይደርስብን ተነሡ፤ ብርጭቆ ያልያዘ ይያዝ። ለአቶ ዓምደሚካኤል ጤና ይስጥልን። ጡረታው የዕረፍት ይሁንልዎት፤ የእህትዎን ልጆች ወግ ማዕረግ ለማየት ያብቃዎት። ለአባ ዘርጋው ደግሞ የሚባለውን አብራችሁኝ በሉ። መስኮቱ ክፍት ነው፣ አትዝጉት። ድምፃችሁን አትቀንሱ። የምንለው ለአንድ ሽማግሌ ዳክዬ ነው፤ ይህን የሚከለክል የለም።

ነፍስ ይማር።